የታይገር ውድስ ጉልበት

የጎልፍ ተጫዋቹን የታይገር ውድስን ታሪክ የሚተርክ ሰው ሁሉ አንድ ሌሊት ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጊዜው ኖቬምበር 2009 ነው፤ እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፍሎሪዳ ውስጥ ከቤቱ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ መኪናውን ከእሳት አደጋ ውኃ መቅጃና ከዛፍ ጋር አጋጨ። በሳምንታት ውስጥ ከትዳሩ ውጭ የነበሩት ግንኙነቶች አደባባይ ወጡ፣ ስፖንሰሮች ሸሹ፣ በኦገስት 2010 ትዳሩ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ የሚነገረው ሁልጊዜ በአንድ መልክ ነው፦ እስከዚያ ሌሊት የማይደፈር ንጉሥ፣ ከዚያ ሌሊት ወዲህ የወደቀ ሰው።

አተራረኩ ለጆሮ ይጥማል። ትዕቢት አለበት፣ ኃጢአት አለበት፣ ቅጣት አለበት፤ በ2019 ደግሞ ትንሣኤ ይጨመርበታል። ለስብከት ቢሆን ያምር ነበር። ቀኖቹን በቅደም ተከተል የደረደረ ሰው ግን ነገሩ እንደማይገጥም ቶሎ ያያል። በትልቅ ውድድር ላይ የያዘውን መሪነት መጨረሻው ቀን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠቀው ከዚያ ሌሊት ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ከቅሌቱ በኋላ ደግሞ እንደገና የዓለም ቁጥር አንድ ሆኗል። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ መስመር ነው፤ እሱም በግራ ጉልበቱ ይጀምራል፣ በወገቡ ያልፋል፣ ቀኝ እግሩ ላይ ያበቃል።

ጎልፍ ለማይከታተል አንባቢ ጥቂት ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። አንድ ዙር 18 ጉድጓድ አለው፤ አንድ ትልቅ ውድድር አራት ቀን፣ አራት ዙር ይፈጃል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ጥሩ ተጫዋች በስንት ምት ሊጨርሰው እንደሚገባ የተመደበለት ቁጥር አለ፣ ፓር ይሉታል። እንደ ሩጫ ሰዓት ሁሉ እዚህም ትንሹ ቁጥር ነው የሚያሸንፈው። ብዙውን ጊዜ ከ150 የማያንሱ ተጫዋቾች ይጀምሩና ከሁለት ቀን በኋላ ግማሽ ያህሉ ይሰናበታሉ። በዓመት ውስጥ ሜጀር የሚባሉ አራት ታላላቅ ውድድሮች አሉ፦ ማስተርስ፣ ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ፣ ዩኤስ ኦፕን እና በብሪታንያ የሚካሄደው ዘ ኦፕን። አንድ ሰው በሕይወቱ አንዱን ካሸነፈ ስሙ ተተክሎ ይቀራል። በዓመት ሁለት ተራ ውድድር ያሸነፈም ጥሩ ዓመት አሳለፈ ይባላል፤ ነፋሱም፣ ሣሩም፣ ዕድሉም የየራሳቸውን ድርሻ የሚወስዱበት ስፖርት ነውና።

ውድስ በ2000 በገባባቸው 20 የፒጂኤ ቱር (ዋናው የአሜሪካ ፕሮፌሽናሎች የውድድር ዙር) ውድድሮች 9 አሸነፈ። ከነዚህ ሦስቱ ሜጀር ነበሩ። የ2001ን ማስተርስ ሲጨምርበት አራቱንም ዋንጫዎች በአንድ ጊዜ ይዞ ተቀመጠ፤ በዘመናዊው ጎልፍ ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ ፕሮፌሽናል የለም፣ ከእሱም በኋላ አልተገኘም። ከ1998 እስከ 2005 በተከታታይ 142 ውድድሮች ላይ አንድም ጊዜ ከሁለተኛው ቀን በኋላ አልተሰናበተም። በጠቅላላው 683 ሳምንት የዓለም ቁጥር አንድ ሆኖ ቆይቷል፤ ሲደመር ከ13 ዓመት በላይ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ግን የጁን 2000ው ዩኤስ ኦፕን ነው የሚያስገርመኝ። ዩኤስ ኦፕን ሆን ተብሎ ሰውን ለማሰቃየት የሚዘጋጅ ሜዳ ነው፤ ሣሩ ይረዝማል፣ መንገዱ ይጠባል፣ ጉድጓዱ ያለበት ቦታ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። በዚያ ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ፔብል ቢች በተባለው የባሕር ዳር ሜዳ ሁለተኛ የወጡት ኧርኒ ኤልስ እና ሚጌል አንሄል ሂሜኔዝ ከፓር 3 ምት በላይ ነበሩ። ውድስ ከፓር 12 በታች ጨረሰ። ልዩነቱ 15 ምት ነው። ከዚያ በፊት የሜጀር ሁሉ ሪከርድ 13 ምት ሲሆን እሱም በ1862 የተመዘገበ ነበር፤ ውድድሩ ገና ሕፃን በነበረበትና ተጫዋቾቹ በጣት በሚቆጠሩበት ዘመን ማለት ነው። ውድስ በዚያ ሳምንት ኳሷ ጉድጓዱ ዙሪያ ካለው ልስልስ ሣር ላይ ከደረሰች በኋላ አንድም ጊዜ ሦስት ምት አልፈጀበትም።

የእሱ መኖር ብቻውን ሌሎችን ያንቀጠቅጣል ይባል ነበር። አንዲት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ የብዙ ዓመት ውጤቶችን አገላብጣ፣ ውድስ ባለበት ውድድር ሌሎቹ ምርጥ ተጫዋቾች እሱ ከሌለበት ይልቅ በትንሹ እንደሚባባሱ አሳየች። በኋላ ሌሎች አጥኚዎች ስሌቱን ተከራክረውበታል። ክርክሩ ይቀጥል፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ግን በመጨረሻው ቀን፣ እሁድ፣ ሁልጊዜ የሚለብሰውን ቀይ ሸሚዝ ሲያዩ ምን ይሰማቸው እንደነበር አልደበቁም። ቀዩን ያለበሰችው እናቱ ናት፤ ኩልቲዳ ታይላንዳዊት ነበረች፣ የልጇ የኃይል ቀለም ቀይ እንደሆነም ታምን ነበር። በፌብሩዋሪ 2025 አረፈች።

አባቱ ኧርል ቬትናም የዘመተ የልዩ ኃይል መኮንን ነበር። ልጁን ገና ሁለት ዓመት ሲሆነው ቴሌቪዥን ላይ አቅርቦ ኳስ እንዲመታ አድርጓል፤ ልጁ ዱላውን ሊያወዛውዝ ሲል ኪሱ ውስጥ ሳንቲም እያንቃጨለ ትኩረቱን ይፈትን ነበር። የዚህን ዓይነት አስተዳደግ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ፍሬው ግን በ1990ዎቹ ታየ፦ የታዳጊዎቹን ብሔራዊ ሻምፒዮና ሦስት ዓመት ተከታትሎ፣ የአማተሮቹንም እንዲሁ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ወሰደ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን ሁለት ዓመት ተምሮ አቋረጠና በኦገስት 1996 ፕሮፌሽናል ሆነ።

በኤፕሪል 1997 ማስተርስ በሚካሄድበት በኦገስታ ናሽናል ላይ የሆነውን ለመረዳት ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጆርጂያ ውስጥ ያለው ይህ ክለብ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው በ1990 ነው፤ ሴት አባል እስከ 2012 አልነበረችውም። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር ደንብ ውስጥ እስከ 1961 ድረስ «ነጮች ብቻ» የሚል አንቀጽ ነበር። ያን አጥር ለማፍረስ የታገለው ቻርሊ ሲፎርድ ማስተርስ ላይ እንዲጫወት አንድም ቀን ሳይጋበዝ ዕድሜው አለፈ። ሊ ኤልደር የመጀመሪያው ጥቁር ተጋባዥ የሆነው በ1975 ነው፤ ውድስ የተወለደበት ዓመት መሆኑ ነው። የ21 ዓመቱ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጉድጓዶች 40 ምት ፈጅቶ ሲንገዳገድ «ገና ልጅ ነው» ያሉት ብዙ ነበሩ። አራቱ ቀን ሲያልቅ በ12 ምት ልዩነት አሸነፈ። ኤልደርም በመጨረሻው ቀን እዚያው ተገኝቶ አይቶታል።

ክለቡ ሜዳውን አረዘመ። በ1997 6,925 ያርድ የነበረው ኦገስታ በ2002 ወደ 7,270 አደገ፤ በ2006 እንደገና 7,445 ደረሰ። በእሱ ላይ አጥር የታጠረ መስሎት የነበረው ሁሉ ተሳስቷል። ሜዳ ሲረዝም የሚጎዳው ኳስ ሩቅ የማይመታው ነው፤ ውድስ ደግሞ በሩቅ መምታት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። በ2001፣ በ2002 እና በ2005 እዚያው አሸንፏል።

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ።

ያ ሁሉ ርቀት የሚመጣው ከየት ነው? ውድስ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች ስለሆነ ሙሉ ኃይሉ የሚያርፈው በግራ እግሩ ላይ ነው። በወጣትነቱ ዱላው ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት ግራ ጉልበቱን በድንገት ቀጥ አድርጎ ይቆልፈው ነበር። ያ ቁልፍ ወገቡን ያሽከረክረዋል፣ ወገቡ ትከሻውን፣ ትከሻው ዱላውን። ውጤቱ ያምራል፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን መገጣጠሚያው ነው። ያ ጉልበት በ1994 ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ በዲሴምበር 2002 ለሁለተኛ ጊዜ ተደረገለት።

ይህን እሱም ያውቅ ነበር። ስዊንጉን፣ ማለትም ዱላ የሚያወዛውዝበትን ስልት፣ በሥራ ዘመኑ ደጋግሞ አፍርሶ ሠርቶታል። ኦገስታን በ12 ምት ያሸነፈ ሰው ወዲያው ከአሠልጣኙ ከቡች ሃርመን ጋር ሆኖ «ይህ አይበቃም» ብሎ ከመሠረቱ ሲቀይረው ጤነኛ አይመስልም ነበር፤ የ2000 ድንቅ ዓመት ግን የዚያ ለውጥ ፍሬ ነው። በ2004 ከሃንክ ሄኒ ጋር ሁለተኛውን ለውጥ ሲጀምር ከምክንያቶቹ አንዱ ግራ ጉልበቱን ከጫና ማሳረፍ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ከዚያም በኋላ ሾን ፎሊ መጣ። በየጊዜው «ምን አስቀየረው? እያሸነፈ!» እያሉ የሚቆጡ ተንታኞች አልጠፉም። እኔ ግን ከለውጦቹ ይልቅ በዚያው ዘመን ያደርገው የነበረው ሌላው ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ቀጭኑ ወጣት ክብደት በማንሳት ሰውነቱን እንደ ቦክሰኛ አሳደገው፣ ረጅም ርቀት ይሮጥ ነበር፣ አባቱ በ2006 ከሞተ በኋላ ደግሞ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ልዩ ኮማንዶዎች ጋር ይለማመድ ነበር። ቀድሞውኑ የደከመ ጉልበት ያለው ሰው ይህን ለምን ያደርጋል? የአባቱ ሐዘን እንደሆነ የሚናገሩ አሉ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ዕዳው በእግሩ ላይ ነው የተጻፈው። በ2007 ሲሮጥ ኤሲኤል የሚባለው የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ ነገሩን ዋጥ አድርጎ መጫወቱን ቀጠለ።

ከዚያ ጁን 2008 ሆነ። ቦታው ሳን ዲዬጎ አጠገብ ያለው ቶሪ ፓይንስ ነው፤ ውድድሩም ዩኤስ ኦፕን። ውድስ በኤፕሪል ጉልበቱ ላይ እንደገና ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሁለት ወር ያህል አልተወዳደረም። ጅማቱ እንደተበጠሰ ነበር፤ በተጨማሪ የግራ ቅልጥሙ አጥንት ሁለት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ሐኪሞች በክራንች እንዲሄድና እንዲያርፍ መከሩት፤ አልሰማም። በአራቱ ቀን ውስጥ ከምት በኋላ ዱላውን ተደግፎ ሲጎነበስ፣ ፊቱን ሲያጨማድድ ዓለም በቴሌቪዥን አየ። ብዙዎች ግን የጉዳቱን መጠን ያወቁት ከውድድሩ በኋላ ነው። እሁድ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ካልገባች የሚሸነፍባትን ኳስ በተጎረበጠ ሣር ላይ አንከባሎ አስገባና ከሮኮ ሚዲዬት ጋር እኩል ሆነ። ሚዲዬት የ45 ዓመት ሰው ነበር፣ በዓለም ደረጃ 158ኛ። ደንቡ በዚያን ጊዜ እኩል የወጡ ተጫዋቾች በማግሥቱ ሌላ ሙሉ 18 ጉድጓድ እንዲጫወቱ ያዝ ነበር። ሰኞ ዕለት 18ቱን ጨርሰው አሁንም እኩል ሆኑ። በአንድ ተጨማሪ ጉድጓድ ተለየ፤ በጠቅላላው 91 ጉድጓድ፣ ሁሉም በእግር። ከስምንት ቀን በኋላ የቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ተኛ፤ ዓመቱም በዚያው አለቀ።

ያች ድል 14ኛ ሜጀሩ ነበረች፤ ዕድሜው 32 ዓመት ከአምስት ወር። የሁሉ ጊዜ ሪከርድ የያዘው ጃክ ኒክላውስ በዚያው ዕድሜ 11 ሜጀር ነበረው፤ ከዚያ በኋላ 7 ጨምሮ 18 ላይ አቆመ። ውድስ በ2008 በገባባቸው 6 የፒጂኤ ቱር ውድድሮች 4 አሸንፎ ነበር። በዚያ ሳምንት «18ን አያልፍም» ብሎ ገንዘብ የሚያስይዝ ሰው አይገኝም ነበር። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ያሸነፈው ሜጀር ግን አንድ ብቻ ነው።

በኦገስት 2009 ሚኔሶታ ውስጥ ሄዝልቲን ላይ በፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ ሦስቱን ቀን መርቶ ወደ አራተኛው ገባ። እስከዚያ ድረስ በሜጀር ከሦስተኛው ቀን በኋላ መሪ ሆኖ ወይም መሪነትን ተጋርቶ 14 ጊዜ ወጥቶ 14ቱንም አሸንፏል። ያ እሁድ ግን ያንግ ዮንግ ኡን የተባለ ደቡብ ኮሪያዊ፣ ጎልፍ የጀመረው በ19 ዓመቱ የሆነ ሰው፣ ጎን ለጎን ተጫውቶ ዋንጫውን ወሰደበት። የእስያ ወንድ ሜጀር ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። መኪናውና ዛፉ ከመገናኘታቸው ሦስት ወር በፊት፣ ስለ ትዳሩ አንድ ቃል ሳይጻፍ፣ አስማቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሸፈ። በዚያ ዓመት ሌሎች 6 ውድድሮች ማሸነፉን አልረሳሁም፤ አራቱ ሜጀሮች ግን ያለ እሱ ድል አለፉ።

ቅሌቱ ምንም አላደረገም ማለቴ አይደለም። ብዙ አድርጓል። አክሰንቸር፣ ኤቲኤንድቲና ጌቶሬድ ጥለውት ሄዱ፤ ናይኪ ቆየ፣ እስከ 2024 መጀመሪያም አብሮት ነበር። በ2010 እና በ2011 አንድም የፒጂኤ ቱር ውድድር አላሸነፈም፤ ሕዝብ ፊት ቆሞ ይቅርታ የጠየቀ፣ ልጆቹን በፍርድ ቤት ስምምነት የሚያይ ሰው ሦስት ሜትር ላይ ያለች ኳስ ላይ ማተኮር ቢያቅተው አያስደንቅም። ግን ደግሞ በ2012 ሦስት፣ በ2013 አምስት ውድድር አሸንፎ የዓለም ቁጥር አንድነቱን አስመለሰ፤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ፣ ለ11ኛ ጊዜ። የተሰበረ መንፈስ አምስት ጊዜ አያሸንፍም።

እዚህ ላይ የእኔን ክርክር የሚያስቸግር ነገር አለ፤ አልሸሸውም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሰውነቱ በአንጻሩ ደህና ነበር፣ ሜጀር ግን አልመጣም። በ2012ቱ ዩኤስ ኦፕን ሁለተኛው ቀን ሲያልቅ መሪነቱን ተጋርቶ ነበር፤ ቀጥሎ 75 እና 73 መትቶ 21ኛ ደረጃን ተጋራ። በዚያው ዓመት በፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕም ከሁለተኛው ቀን በኋላ ፊት ነበር፣ 11ኛ ደረጃን ተጋርቶ ወጣ። ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ የሚፈዝ ውድስ ከዚያ በፊት አልታየም። በ2013ቱ ማስተርስ ደግሞ ግሩም ብሎ የመታት ኳስ የጉድጓዱን ቦታ የሚያመለክተውን የባንዲራ እንጨት መትታ ውኃ ውስጥ ተመልሳ ገባች፤ ቀጥሎ ኳሱን ያስቀመጠበት ቦታ ከደንብ ውጭ ስለነበር ሁለት ምት ተቀጣ። የዕድል ነገርም አለበት እንግዲህ። ሆኖም በሌሎቹ ሳምንቶች የሚያሸንፍና በሜጀር ሳምንት የሚያቅተው ሰው ምክንያቱ ንስሐ ነው ብሎ መደምደም ይከብደኛል። የሜጀር ሜዳ ይቅርታ የለውም፤ አንድ ሰው ከራሱ ሰውነት ጋር ትንሽ ሲጠራጠር ቀድሞ የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ከ2014 ወዲህ ግን ክርክር አያስፈልግም። ጉልበቱ ያሳለፈውን ጫና ወገቡ ተረከበው። በማርች 2014 የመጀመሪያው የጀርባ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ2015 መከር ላይ ሁለት ተጨመረ። በ2017 የወገቡ የመጨረሻዎቹ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ስላለቀ ሁለቱ አጥንቶች እንዲጣበቁ ተደረገ። የጎልፍ ምት ማለት ወገብን ማሽከርከር ነው፤ ከሚሽከረከረው ላይ አንዱን መገጣጠሚያ መዝጋት ለተራ ሰው ሕመም ማስታገሻ ነው፣ ለጎልፈኛ ደግሞ የጡረታ ደብዳቤ ይመስል ነበር። በሜይ 2017 ፍሎሪዳ ውስጥ ፖሊስ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት አገኘው። አልኮል አልነበረበትም፤ ደሙ ውስጥ የሕመም ማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒቶች ነበሩ። ጋዜጦች ይህንንም ከ2009 ጋር አያይዘው እንደ አንድ ታሪክ ጻፉት። በዓለም ደረጃ ወደ 1,199ኛ ወረደ።

ለዚህ ነው 2019ን ከትንሣኤ ይልቅ እንደ ሕክምና ውጤት የማየው፤ ይህን ስል ድሉን ማሳነሴ አይደለም። የተጣበቀው አጥንት ሕመሙን አስወገደለት፤ ሕመሙ ሲጠፋ ያ ሁሉ ዕውቀት እንዳለ ተገኘ። በሴፕቴምበር 2018 አትላንታ ውስጥ 80ኛውን ውድድር ሲያሸንፍ ሕዝቡ ገመዱን አልፎ ሜዳውን አጥለቀለቀው። በኤፕሪል 2019 በ43 ዓመቱ ማስተርስን ለአምስተኛ ጊዜ ወሰደ፣ ሜጀሩም 15 ሆነ። ያሸነፈበት መንገድ ከወጣትነቱ ፍጹም የተለየ ነው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሳይመራ ያሸነፈው የመጀመሪያው ሜጀሩ ነው። 12ኛው ጉድጓድ አጭር ናት፣ ከፊቷ ግን ጅረት አለ፤ መሪው ፍራንቼስኮ ሞሊናሪን ጨምሮ ሌሎችም ኳሳቸውን ውኃ ውስጥ ሲከቱ ውድስ ባንዲራውን ትቶ ወደ ሰፊው መሃል መታ። በ24 ዓመቱ ቢሆን ባንዲራውን ነበር የሚያሳድደው። በኦክቶበር ጃፓን ላይ 82ኛውን አሸንፎ የሳም ስኒድን ሪከርድ ተካፈለ።

ፌብሩዋሪ 2021 ሎስ አንጀለስ አካባቢ በሰዓት 45 ማይል በተፈቀደበት መንገድ ላይ ከ80 ማይል በላይ ሲነዳ መኪናው ተገለበጠ። ቀኝ እግሩ ተሰባበረ፤ መቆረጡ ሁሉ ታስቦ እንደነበር በኋላ ራሱ ተናገረ። ከ14 ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኦገስታ ላይ ተመልሶ ከሁለተኛው ቀን ማጣሪያ አለፈ። በ2023 ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ አጥንቱ ተጣበቀ። በ2024 ማስተርስ ለ24ኛ ተከታታይ ጊዜ ማጣሪያውን አልፎ ሪከርድ ሠራ፤ ከዚያ ቅዳሜ 82 መትቶ ካለፉት ሁሉ መጨረሻ ወጣ። በ2025 የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ፣ የወገቡ ዲስክም ተቀየረለት፣ አንድም ይፋዊ ውድድር ሳያደርግ ዓመቱ አለፈ።

ከአካሉ ጋር ያላረጀው ገንዘቡ ነው፤ ጎልፍ እንደ ንግድ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይበደራል። በ1997 ማስተርስን ሲያሸንፍ የተከፈለው 486,000 ዶላር ነበር፤ በ2025 ሮሪ ማክኢልሮይ ለዚያው ዋንጫ 4.2 ሚሊዮን ወሰደ። ስኮቲ ሼፍለር በ2024 ብቻ ከፒጂኤ ቱር ውድድሮች ከ29 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ፤ ውድስ በ82 ድሎች የሰበሰበው ወደ 121 ሚሊዮን ነው። ይህን ገበያ የከፈተው እሱ ነው፤ እሱ የሚጫወትበት እሁድ ጎልፍ የማያውቀው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ይከፍት ነበርና። ቱሩም ያውቃል። በ2021 ለተጫዋቾች በሚስቡት የሕዝብ ዓይን ልክ ጉርሻ መክፈል ሲጀምር አንደኛ የወጣው ውድስ ነው፣ በዚያ ዓመት አንድም ይፋዊ ውድድር ሳያደርግ። በ2022 ዘጠኝ ዙር ብቻ ተጫውቶ እንደገና አንደኛ ወጣ፤ 15 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው።

በዚያው በ2022 የሳዑዲ አረቢያ የመንግሥት መዋዕለ ንዋይ ፈንድ ሊቭ ጎልፍ የተባለውን የቱሩን ተፎካካሪ ውድድር ጀምሮ ተጫዋቾችን በሚያስደነግጥ ገንዘብ ሲያስኮበልል፣ ለውድስ ከ700 እስከ 800 ሚሊዮን ዶላር እንደቀረበለት የሊቩ ኃላፊ ግሬግ ኖርማን ተናገረ። አልሄደም። ይህን እንደ ጀግንነት ለሚያወድሱት የምለው የለኝም፤ ግን ሀብቱም፣ ስሙም፣ ሪከርዱም ያለው እዚያው ቱር ውስጥ እንደሆነ መዘንጋት አይገባም። በጁን 2023 የቱሩ አለቆች ተጫዋቾቹን ሳያማክሩ ከሳዑዲው ፈንድ ጋር ለመስማማት ሲነሱ ቁጣው አየለና በኦገስት ውድስ የቦርድ አባል ሆኖ ገባ። በ2025 ደግሞ የቱሩን የወደፊት የውድድር ሥርዓት የሚቀርጸውን ኮሚቴ እንዲመራ ተሾመ። መራመድ ያቃተው ሰው የሚራመዱትን ቀን መቁጠሪያ ሊያወጣ ነው።

ተተኪው ተገኝቷል ወይ የሚለው ጥያቄ አሁን በየሳምንቱ ይነሳል። ሼፍለር ከ2023 አጋማሽ ወዲህ ቁጥር አንድነቱን ይዞ ቆየ፣ በጁላይ 2025 ዘ ኦፕንን አሸንፎ አራተኛ ሜጀሩን ወሰደ። ከመጀመሪያው ሜጀሩ እስከ አራተኛው 1,197 ቀን ፈጅቶበታል፤ ውድስም ልክ 1,197 ቀን። አጋጣሚው ያስቃል፣ ሼፍለር ራሱም ንጽጽሩን አይወደውም። እኔ የማየው ልዩነት ግን ሌላ ነው። ሼፍለር ሲመታ እግሮቹ ይንሸራተታሉ፤ አሠልጣኞች ለልጆች አታድርጉ የሚሉት ዓይነት ነው። ያ መንሸራተት ግን ጫናውን ከጉልበቱ ላይ ያነሳል። ውድስ በወጣትነቱ ይቆልፈው የነበረውን እግር እሱ ይለቀዋል።

ውድስ በ2025 መጨረሻ 50 ዓመት ሞላው፤ በደንቡ መሠረት ለአንጋፋዎቹ ቱር ብቁ ሆኗል። ከመኪናው አደጋ ወዲህ ኳሱን መምታት እንደሚችል፣ የሚያቅተው ለአራት ቀን ሜዳውን መራመድ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። አንጋፋዎቹ ቱር ላይ አብዛኛውን ጊዜ በካርት፣ ማለትም ሜዳው ላይ በሚነዳ ትንሽ ተሽከርካሪ፣ መሄድ ይፈቀዳል። በዋናው ቱር ግን ካርት እንደማይጠይቅ አስቀድሞ ተናግሯል። እንዲያውም የስታንፎርድ የቡድን ጓደኛው ኬሲ ማርቲን በእግር ሕመሙ ምክንያት ያንኑ መብት እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮ በ2001 አሸንፏል፤ መንገዱ ክፍት ነበር። ካሸነፈ ታሪክ የሚሆንለት አንድ ዋንጫ ቀርቶታል፤ የታዳጊዎቹን፣ የአማተሮቹንና ዋናውን የአሜሪካ ሻምፒዮና ወስዷል፣ የአንጋፋዎቹን ዩኤስ ኦፕን ቢጨምር አራቱንም ያሸነፈ የመጀመሪያው ወንድ ይሆናል። በ2018 ጆን ዴሊ በጉልበት ሕመም ምክንያት እዚያ ውድድር ላይ በካርት ለመሄድ ፈቃድ ጠይቆ ነበር። አዘጋጁ ማኅበር ከለከለው።